በእናቱ ደጅ የተሰቀለው ነጭ ጨርቅ

"አባባ ኡኖ፣ ደህና ዋሉ?"

የሽማግሌው ጎረቤት ማጭድ ከእጃቸው ወደቀ...

ኮፍያቸውን አወለቁ። ለሙት እንደሚጸልይ ሰው መዳፋቸውን አጋጥመው አንገታቸውን ደፉ።

"ዘንድሮስ መንገዱን አገኘኸው፣ ማሳኖሪ... እናትህ ደስ ይላታል።"

ይህን ብለው ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄዱ ቤታቸው ገቡ።

ማሳኖሪ "ጃጅተዋል" ብሎ ሳቀ።

የትውልድ መንደሩን ቶኖን ለቆ ቶኪዮ ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። እናቱ ስትደውል "ስብሰባ ላይ ነኝ" ይላት ነበር... በኋላ ጭራሽ ማንሳቱንም ተወው። ዛሬም የመጣው ለሥራ በአቅራቢያው ሲያልፍ፣ እግረ መንገዱን ነው። በመጨረሻው ባቡር ይመለሳል።

የእናቱ ደጅ ሲደርስ ግን ቆመ።

ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ይውለበለባል...

ሙታን ወደየቤታቸው የሚመጡበት ሰሞን ነው። በቶኖ በቅርቡ ሰው የሞተበት ቤት፣ ነፍሱ መንገድ እንዳይስት ጨርቅ ይሰቅልለታል። ለሴት ቀይ፣ ለወንድ ነጭ።

አባቱ ከሞተ ቆይቷል፤ የሱ ጨርቅ ድሮ ወርዷል። ታዲያ በዚህ ቤት ሌላ ማን ወንድ አለ?

ከሱ በቀር...

"መጣህ" አለች እናቱ ቶኪኖ፣ ቤት ሲገባ። ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ግድግዳው ሥር ከአባቱ ፎቶ ጎን የሱም ፎቶ ቆሟል። ከፊቱ የእንጨት እግር የተሰካላቸው ኪያርና ደበርጃን አሉ። ነፍስ በኪያሩ ፈረስ ፈጥና መጥታ፣ በደበርጃኑ በሬ እያዘገመች ትመለሳለች።

ሩዝ አቀረበችለት።

መመገቢያ እንጨቶቹ ሩዙ መሃል ቀጥ ብለው ተተክለዋል። እንደዚያ የሚቀርበው ለሙት ብቻ ነው።

"እማዬ... እኔ እኮ አልሞትኩም።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።"

ባቡር ውስጥ ማን አናገረው? ማንም... ትኬቱንስ ማን ጠየቀው? ማንም...

"እማዬ፣ በሞቴ... እይኝ።"

ያኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"አለመሞትህን አጥቼው አይደለም ልጄ። የሞተው አባትህ በየዓመቱ ይመጣል። የጎረቤቱ ሙታን ሁሉ ይመጣሉ። የቀረኸው አንተ፣ በሕይወት ያለኸው ነህ። ጨርቁ አንተንም ቢጠራልኝ ብዬ ሰቀልኩት።"

ከሩቅ የባቡር ፉጨት ተሰማ።

እናቱ የደበርጃኑን በሬ አንስታ አቀበለችው።

"በል ሂድ፣ እንዳይመሽብህ።"

ማሳኖሪ ተቀበላት... የበሬውን እግሮች አንድ በአንድ ነቀለ። ደበርጃኑን ቆራርጦ ምድጃው ላይ በሚፈላው ሾርባ ውስጥ ጨመረው።

"በምን ልሂድ እንግዲህ?"

እናቱ ሩዙ ላይ የተተከሉትን እንጨቶች ነቅላ በእጁ ሰጠችው።

ወዳጆቼ... እናት የሞተ ልጇን ቀብራ፣ አልቅሳ ትጽናናለች። በቁሙ የቀረባትን ግን የት ትቅበረው? እናቶቻችሁን በሕይወት ሳላችሁ ጎብኟቸው።

እናንተስ ዛሬ ሳትነግሩ ብትሄዱ ደጃፋችሁ ላይ ምን ተሰቅሎ ታገኙ ይሆን? ኮሜንት ላይ ጻፉልን... መጀመሪያ ግን እሷ ጋ ደውሉ።