ትንሿ ምድጃ

ሚስትየው የሱቁን መደርደሪያ ለሦስተኛ ጊዜ ዞረችው። ባሏ መዳፉን እንኳ የማትሞላ የጋዝ ምድጃ እያገላበጠ፣ ሰማንያ ግራም ብቻ ናት፣ ዕቃ የያዝኩም አይመስለኝ ይላል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ማታ ተራራው በረዶ ላይ ድንኳን ይተክላል። እሷ ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አንድ ቦታ አልቆም ብሏታል።

ባልየው ቀያሽ ነው። ተራራ ሊወጣ ሲሰናዳ ሸክም እንዲቀልለት የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ የሚጥል ጉደኛ። ካቻምና ይዟት የወጣው ምድጃም የዚህችው ዓይነት ነበረች። ብርዱ ላይ እሳቷ ጠፋበትና የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ብርድ በልቶት ተቆረጠ። እሱ ግን እስከ ዛሬ የሚወቅሰው ጓንቱን ነው።

ባለሱቁ ክርክር አይወድም። ደንበኛ ግግም ሲልበት ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። ዛሬም ከትናንት ጀምሮ እዚያ ያደሩ ሁለት የጋዝ ጣሳዎች አወጣ። ትንሿን ምድጃ በአንዱ ጣሳ አናት ላይ ጠመዘዛት። ሌላውን ጣሳ ከአንድ ከባድ ምድጃ ጋር በቱቦ አገናኝቶ ዘቀዘቀው፤ ሲዘቀዘቅ ፈሳሹ ጋዝ ራሱ ስለሚወርድ ብርድ አይበግረውም አለ። ሁለቱንም ለኮሳቸው።

የከባዱ እሳት ያጉረመርማል። የትንሿ ግን ትንሽ ቆይቶ አጠረ፣ ከዚያም ይንተፋተፍ ጀመር።

ሚስትየው ዙሯን ሳታቋርጥ ወደ ትንሿ እሳት ጠቆመች።

"እየው እንግዲህ፤ ገና እኮ ቤት ውስጥ ነን።"

"ቆይ፣ ለዚህ መላ አለኝ" አለ ባልየውና የትንሿን ጣሳ በቀኝ እጁ ጭብጥ አደረገው።

ጥርሱን ነክሶ ያዘው። እሳቱ ቀና ሲል እንደ ልጅ ፈነደቀ፤ ሚስቱን አያት፣ ባለሱቁን አየው። ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ሲዘልቅበት ለቀቀው።

ጣሳው ነጭ አመዳይ ለብሷል። እጁ ያረፈበት ቦታ ብቻ ቀልጦ የጣቶቹ አሻራ አንድ በአንድ ወጥቷል፤ ሦስት ረጃጅም፣ ሁለት አጫጭር። ባልየው ጎንበስ ብሎ አየው። ሚስትየው አሁን ቆማለች።

"የዚያኛው ምድጃ ክብደት ስንት ነው ያልከኝ?" አለው ባለሱቁን፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ።

አመዳዩ ከዳር ጀምሮ ወደ አሻራው ይመለስ ነበር። ቀድመው የተሸፈኑት አጫጭሮቹ ናቸው።