ከአምስት ሁለት

አያ ህሩይ ጣታቸውን ከተለጠፈው ዝርዝር ላይ አላነሱም። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው፣ ስማቸው በአዲሱ መዋቅር «ምደባ አጥተው የሚሰናበቱ» ከሚለው ርእስ ሥር ሰፍሮ ነበር።

«በስንት ተበለጥሁ ልጄ?» አሉ አጠገባቸው ወደ ቆመችው የሰው ሀብት ሠራተኛ ሳይዞሩ።

«በግማሽ ነጥብ፣ አያ ህሩይ።»

«አለቃው ነው የጣለኝ?»

«እሳቸውማ ሙሉ ነው የሰጡዎት። ባልደረቦችዎም ሙሉ ነው የሰጡዎት።»

«ታዲያ ማን ጠላኝ? ምነው ትደብቂኛለሽ?»

ልጅቱ የአያ ህሩይን ፋይል ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። የምዘናውን ቅጽ ከእጃቸው የተቀበለችው እሷ ነበረች። ያን ዕለት «ይሄማ አነሰ» ልትል አፏን ከፍታ፣ ታላቅ ሰው ማረም አሳፍሯት ዝም ብላ ማህተሙን መታችበት። አሁን ግን ፋይሉን ገልጣ ዘረጋችላቸው።

«ሠራተኛው ለራሱ የሚሰጠው ነጥብ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ በቤተ ክህነት ትምህርት በተቃና ሸጋ የእጅ ጽሕፈት፣ «ከአምስት ሁለት» ይላል።

አያ ህሩይ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠርገው ደግመው አነበቡት። ብዕራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ወረቀቱ አስጠጉ፤ ማህተሙን ሲያዩ ግን መለሱት።

«ሰው ራሱን ያመሰግናል እንዴ ልጄ?» አሉ። «እኔ ዝቅ ስል እናንተ ከፍ የምታደርጉኝ መስሎኝ ነው እንጂ።»