ዲዳ የተባሉት

እናቷ መናገር ያቆመችው እሷ ለምርምር አርባ ምንጭ ኤሊ ስታዳምጥ በከረመችበት ዓመት ነው። ዲዳ ይባሉ የነበሩት ኤሊዎች ድምፅ እንዳላቸው አረጋገጠች። ድምፅ ባለ አከርካሪ ከሆኑ የየብስ እንስሳት የጋራ ቅድመ አያት የመጣ ውርስ ሳይሆን አይቀርም ብላ ጻፈች፤ ተጨበጨበላት።

«ለኤሊ የተረፈ ጆሮ ለእናትሽ ጠፋ» አለቻት ታላቅ እህቷ ብርዛፍ፣ በሩን እየከፈተችላት።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ዝም ብላለች አለኝ። እሱንማ እኔም ሳልማር አውቄዋለሁ!»

ብርዛፍ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። እሷ እናቷ በተኛችበት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የኤሊዎቹን ድምፅ የቀዳችበትን ትንሽ ማይክሮፎን ወደ እናቷ ጉሮሮ አስጠጋች፤ ማዳመጫውንም በራሷ ጆሮ ላይ አደረገች። እናቷ አንዴ ስሟን እንድትጠራት ብቻ ነበር የፈለገችው።

መጀመሪያ የተሰማት ትንፋሽ ነበር። ቆይቶ የእናቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቀጭን፣ ግን ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

እናቷ በአክብሮት አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለጠየቁኝ። ሲወጡ በሩን ይዝጉልኝ፤ ልጄ ከመንገድ ስትመጣ ቤቱ እንዳይቀዘቅዝባት።»

ማዳመጫውን አወለቀች።

«እሺ» አለቻት። ወጣችና በሩን ዘጋች።