ለስላሳ የተሞላች ጀልባ

እትዬ ሸዋርካብሽ የባሌን መቅዘፊያ ይዘው በረዶ ያማስላሉ።

ከቅዳሴ ተመልሼ የግቢውን በር ስገፋ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ጀልባዋ ላይኛው ጥግ፣ ሁለት አጠና ላይ እንዳረፈች አፏ ድረስ ውሃ ተሞልታለች። የበረዶ ስብርባሪ ይንሳፈፍባታል፤ ከሥሩ የለስላሳና የቢራ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። የእድሩ ሴቶች ከፊቷ ሰሃን ያጥባሉ። ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ምን እያደረጉ ነው?» እላለሁ።

«መጣሽ? እግዜር ያጽናሽ የኔ ልጅ» ይላሉ ቀና ሳይሉ። «የእድሩ በርሜል ሌላ ለቅሶ ሄዶ ቸግሮን ነበር። ትናንት ማታ ውሃ ስትመጣ ይቺን ሞላናት። ማሙሸት ነው የፈቀደልን።»

በጨለማ ወጥቼ ስሄድ አላየኋትም።

«ጠርሙሶቹን ያውጡልኝ።»

«ኧረ እንግዳው ሊገባ ነው…»

«ያውጡልኝ አልኩ!»

የሰሃኑ ኳኳታ ቀጥ ይላል። አንዷ ለጎረቤቷ «ሐዘን ነው፣ ተያት» ስትል እሰማለሁ። ከቀብሩ እስከ ዛሬው አርባው ድረስ ሐዘን ነው እያሉ ሲያባብሉኝ ከረሙ። ይኼ ሐዘን አይደለም። ቁጣ ነው፤ የራሴ ነው፤ ማንም እንዲያባብልብኝ አልፈልግም።

ባሌ ኃይለመለኮት ይቺን ጀልባ የሠራት ሱቁን እየዘጋ እየመጣ፣ እዚሁ ጭድ ተራ ጀርባ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ሚስማር ነጋዴ ነበር፤ እንኳን ጀልባ በርጩማም ሠርቶ አያውቅ። ጣውላውን በሙቅ ውሃ እያራሰ አጎበጠ። በየመጋጠሚያው ሬንጅ የጠጣ ጥጥ ወተፈ። ሸራዋን ሸራ ተራ ወስዶ አሰፋ። ሰፈሩ «ጋሼ ኖኅ» አለው። ወንድሙ ማሙሸት ደግሞ «ወንፊት» አላት፤ በየእሁዱ እየመጣ «ዝዋይ ሐይቅ መሃል ትዘረግፍሃለች» እያለ ይስቅ ነበር። ኃይለመለኮት አይከራከረውም። «ውሃው ይፍረደን» ይላል፣ መጋዙን ሳያቆም። ከጥምቀት በኋላ ሊወስዳት አይሱዙ አነጋግሮ ነበር። ልቡ አልጠበቀችውም።

ማሙሸት ከድንኳኑ ይወጣል። ከጀልባዋ ያወጣው ለስላሳ እጁ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሻል ባይነሽ? ሰው ይሰማል!»

«ይስማ። ማን ፍቀድ አለህ?»

«ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ትዋል ብዬ ነው። ነገ ለማገዶ መፈለጧ ላይቀር።»

«ማነው የሚፈልጣት?»

«ተነጋግረንበታል እኮ። ቦታውን ለዕቃ ማስቀመጫ የሚከራይ ሰው አግኝቻለሁ።»

«ከማን ጋር ነው የተነጋገርከው?»

«ከቤተሰብ ጋር።»

«እኔ ምንድን ነኝ?»

ጠርሙሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል። «ስሚኝማ። ይቺ ወንፊት ወንድሜን ልታሰጥመው ነበር። ያን ቀን ሐይቁ መሃል ቢሆን ኖሮ…» ያቋርጣል።

«አሁንስ?» እለዋለሁ። «አሁን ተረፈልህ?»

መቅዘፊያውን ከእትዬ ሸዋርካብሽ እጅ እነጥቃለሁ። ጫፉ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ የቆመ ጠርሙስ ይመታል። ጠርሙሱ ይወድቃል፣ አይሰበርም፣ ተንከባሎ ከሥሯ ይገባል።

«ተይው፣ እኔ አነሣዋለሁ» ይላሉ እትዬ ሸዋርካብሽ።

እንበረከካለሁ። ጭቃው ጥቁር ቀሚሴን አልፎ ጉልበቴን ያቀዘቅዘዋል። በሁለቱ አጠና መሃል እጄን እሰዳለሁ። እዚያም ጭቃ ነበር የጠበቅሁት። ጣቶቼ የሚነኩት ግን ደረቅ፣ ቀላል፣ ስይዘው የሚያመልጥ ነገር ነው። እጄን ወደ ላይ ገልብጬ ሆዷን እዳብሳለሁ፤ ሬንጁን ተከትዬ፣ ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ። አንድም እርጥብ ቦታ የለም።

ጠርሙሱን እዚያው እተወዋለሁ።

«ማሙሸት፣ ና ተንበርከክ።»

«ምን?»

«እዚህ ጋ።»

«ሱሪዬ…»

«ተንበርከክ።»

ሴቶቹ ሁሉ ያዩታል። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቀስ እያለ ይንበረከካል፤ ለስላሳው ያረጠበውን እጁን ከሥሯ ይሰዳል። ይቆያል። ክንዱ ሲሄድና ሲመለስ አያለሁ፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው።

«መቼ ነው የሞላችኋት?» ይላል፣ ማናችንንም ሳያይ።

«ማታ ነዋ፣ ውሃ ስትመጣ» ይላሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ታዲያ ጠርሙሶቹን እናውጣቸው?»

«ይቆዩ።»

ማሙሸት እጁን ያወጣል። ኃይለመለኮት ጣውላ ሲጋዝ የረገፈው ሰጋቱራ እርጥብ ጣቶቹ ላይ እንደ ዱቄት ተጣብቋል። መዳፉ ላይ የተረፈውን እፍ ይለዋል፤ ይበናል።