ወይዘሮ ሐረገ ወይን የቆጠሩት ዘመድ

«በንጉሥ አምላክ! ቁሙ!» አሉ ወይዘሮ ሐረገ ወይን። ለትምህርት ቤቱ አዲስ አጥር በእሳቸው ገብስ መሐል ጉድጓድ የሚቆፍሩት ሰዎች ዶማቸውን ጣሉ። የንጉሥ ስም ተጠርቶ ማን ይቆፍራል?

ግራዝማች ቢሻው አልደነገጡም። ንፋስ መውጫ ላይ ይህን የግል ትምህርት ቤት በአንዲት የሣር ጎጆ ጀምረው በስምንት ዓመት አራት የቆርቆሮ ቤት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ቤት በጨመረ ቁጥር የአንድ ሰው ማሳ ይቀንሳል። እኔ መምህራቸው ነኝ፤ የትምህርት ቤቱን ታሪክ በመዝገብ የምጽፈውም እኔ ነኝ።

«እመት፣ ርስት የብቻ ነው እንዴ?» አሉ ግራዝማች፣ ለዳኝነት ወደተጠሩት ሦስት ሽማግሌዎች እያዩ። «ጎጆው የተመረቀ ለት አባት ቆጥረው ወንድሜ ነህ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ባዕድ እንዳትባል ብዬ ነዋ! ለክብርህ!»

ያን ቀን ነበርኩ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን መጤው ሰው በገዛ ድግሱ ብቸኛ እንዳይሆን አዝነው፣ ጠላቸውን እንደያዙ ከራሳቸው ቅድመ አያት አገናኟቸው። ደግነት ነበር። በእኛ አገር ግን አባት የተቆጠረለት ሰው መሬት ይካፈላል። ሰውዬው ይህችን ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ አድብተው ጠበቋት።

«መምህር፣ ምስክር ነህ። ብለዋል አላሉም?»

«ብለዋል» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ የሚያስጠላኝም እሱ ነው። ለምን እንዳሉት መናገር እችል ነበር። የምኖርበት ቤት የግራዝማች ነውና ዝም አልኩ። ራሴን ተጸየፍኩት።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው «እንግዲያ ዘመድ ነው፤ ይካፈል» አሉ።

ግራዝማች ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ መዝገቡን አቀበሉኝ። «ጻፍ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን በፈቃዳቸው ሰጡ።» ሳቁ። ጻፍኩ። ዶማው ተነሣ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን አላለቀሱም። ወደ እኔ መጡና «አንብብልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው።

«ፊደል ለዚህ ነው?» ነጠላቸውን አጣፉ። «ልጄን ጥራልኝ። የሺ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥታለች።»

«ኧረ ይተዉ እመት፣ ጎበዝ ልጅ ናት።»

«ጥራልኝ አልኩህ!»

ክፍሉ ገባሁ። ከአርባው ተማሪ ሴት የሺ ብቻ ናት። ጠመኔ ይዛ፣ እኔ ስቀር እንደማዛት፣ ለታናናሾቿ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ሰሌዳውን አየሁት።

ጽሕፈቷ ቁርጥ የእኔ ነው፤ መዝገቡ ላይ ካሰፈርኩት አይለይም።