ትንፋሽ ያስተማራት ባንያን

«ማተብሽ የት አለ?»

መብራት አንገቷን በእጇ ሸፈነች...

«እንዳይረጥብ ብዬ ነው እማዬ... መቀነቴ ላይ ቋጥሬዋለሁ...»

ሳህሊቱ አልሰማቻትም። የምታየው የልጇን ባዶ አንገትና ከአፍንጫዋ የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው። አጠገቧ ጎረቤታቸው ባንያኑ ጄታ፣ ከህንድ የመጣው ጨርቅ ነጋዴ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሟል።

ዘመኑ 1927 ዓ.ም.፣ ከተማው ሶዶ።

ጄታ ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን በጨው ውሃ ያጥባል። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን እየቆጠረ ያስገባል፣ ያስወጣል። ዛሬ ዮጋ የምንለው ነው። ያኔ ሰፈሩ «ጋኔን ይስባል» ነበር የሚለው።

መብራት አስም አለባት። ከወር ወዲህ ግን ከጄታ በድብቅ ትማራለች፤ ሌሊቱንም ተኝታ ታድራለች። እናቷ «ጠበሉ ነው» ብላለች...

«እትዬ፣ በየቀኑ ሲሠሩት ሥጋ ይጸዳል... ሐሳብ ይጸዳል... መንፈስ ይጸዳል» አለ ጄታ።

«የልጄ መንፈስ በጥምቀት ጸድቷል! አንተ ጨርቅህን ሽጥ!»

በማግስቱ የሳህሊቱን ጩኸት የሰማው ሰፈር በሙሉ ጄታ ደጅ ላይ ተሰበሰበ።

«እኔማ በአንድ እግሩ ቆሞ አይቼዋለሁ» አለ በቅሎ ጫኙ ዳልጮ። «ሽመላ መስሎኝ ነበር!»

ሰው ሳቀ... ከሳቁ በኋላ ድንጋይ ተወረወረ።

የሳህሊቱ ንስሐ አባት አባ ተክለጻድቅም እዚያው ነበሩ። መሬት መሬት እያዩ...

ጄታ ሳምንት ሳይሞላው ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

ክረምቱ ገባ። ብርዱ የመብራትን ደረት ያዘው።

«በአንዱ አፍንጫዬ አስገብቼ... ቆይ... ስንት ድረስ ነበር የምቆጥረው?» ትላለች እያፈናት። ትምህርቱ ገና ግማሽ ላይ ነበር። በሶዶ የሚነግራት ሰው የለም።

ሳህሊቱ ጄታን ፈልጎ እንዲያመጣው ዳልጮን ላከችው። ቦዲቲ ድረስ ጋልቦ ብቻውን ተመለሰ።

«ዋናው ከተማ ገብቶ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ባሕር ወርዷል አሉኝ፣ እትዬ...»

ወደ ንስሐ አባቷ ሮጠች።

«አባቴ፣ ያን ሰው ያስባረርኩት እኔ ነኝ...»

ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ሲያፍናት አይቼ ልጅቷን ወደ እሱ የላክኋት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉ። «'ሰፈሩ ይጠላኛል' ብሎ እምቢ ብሎኝ ነበር... 'ክፉ ቢናገሩህ እኔ እመሰክርልሃለሁ' ብዬ ማልኩለት።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?!»

«እናንተን ፈራሁ።»

መብራት ፍልሰታን አላየችም...

ወገኖቼ፣ አንዷ ሳታውቅ ጮኸች። አንዱ እያወቀ ዝም አለ። በሁለቱ መካከል አንዲት ልጅ አየር አጣች።

የማናውቀውን ከመኮነናችን በፊት እንጠይቅ። የምናውቀውን ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት እንናገር። ከቀብር በኋላ የተነገረ እውነት ለማንም ትንፋሽ አይሆንም።

እናንተ በሳህሊቱ ቦታ ብትሆኑ አባን ይቅር ትሏቸው ነበር?

ወይስ እንደ አባ ዝም ያላችሁበት ቀን አለ? እውነቱን ጻፉልን...