ከፊደሉ ላይ ያለችው ጭረት

ሁለት ሰው ያሳወረው የአረቄ ጠርሙስ አጉሊ መነጽሩ ስር ተጋድሞ ነበር። በሳንቶ ዶሚንጎው የፖሊስ ላብራቶሪ ኑሪስ ልጥፉን ስትመረምር ወረቀቱም ቀለሙም ከእውነተኛው አልለይ አላት። የተለየችው፣ በስፔንኛ «ነ»ን «ኘ» ለማድረግ ከፊደሉ አናት ላይ የምትጫር አንዲት ጭረት ብቻ ነበረች። ፋብሪካው «የከረመ» ለማለት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስህተት «አኔሆ» እያለ ያተመውን፣ አስመሳዩ «አኜሆ» ብሎ አርሞታል።

«ሌባው አስተማሪ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ ባልደረባዋ ዊልኪን። «ስህተት ማለፍ አቅቶት ራሱን አጋለጠ።»

ኑሪስ አልሳቀችም። ጭረቷ በእጅ የተጨመረች ነበረች፤ ጫፏ ሽቅብ ቀና ብላለች። የማተሚያ ቤት አራሚ የነበረው አባቷ ደብተሯን ሲያርምላት ልክ እንዲህ ነበር የሚጭራት።

«ማን እንደሆነ መቼም አይታወቅም» አላት ዊልኪን።

«ይታወቃል» አለችና ቅጹ ላይ የአባቷን ስም ጻፈች። እሷም የምትጠራበት የቤተሰቡ ስም «ኡሬኛ» ላይ ስትደርስ፣ የገዛ እጇ ጭረቷን ጫፏ ላይ ሽቅብ ቀና አደረጋት።